የምርምር ደጅ ለሴት ልጆችም ይከፈት





የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳዩ፥ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድልም የተረዱት ከዚያ እንደ ሆነ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ።

አንዲት ልጅ ተነሥታ፥ «ጋሼ፥ አጣቢዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከተመራማሪዎቹ ስለ ምን የሴት ስም አልነገሩንም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ተመራማሪ የሚጠይቀው ኑሮው ያሳየውን ነው። ውሃ ቀድታ፥ ልብስ አጥባ ያደገች ልጅ የወንዙን ነገር ታውቃለች። ስለዚህ የትምህርት ዕድልና ቅጥር የምትወስኑ ወገኖቼ ሆይ፥ ማስታወቂያው ለእርስዋም ይድረሳት፤ ስትወልድም የምርምር ቦታዋ ይጠበቅላት። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ለሕዝብ ጤና የሚበጅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ መምህር