ገብሱ በብር፣ ዳታቤዙ በዶላር

አፕ የሚሠሩ ልጆች በየግሩፑ «ዳታቤዛችንን አማዞን ላይ እናድርግ ወይስ ጉግል ላይ?» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ አይከፋም፤ ግን ከጫፉ የተጀመረ ይመስለኛል።

እንበልና እዚህ ጢቾ ገበሬው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስረከበውን የቢራ ገብስ የሚመዘግብ አፕ ሠራችሁ። ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ስንት ተከፈለው፣ ስንት ይቀረዋል። የገንዘብ መዝገብ ነው፤ አንዲት መስመር ብትጠፋ ጎረቤት ከጎረቤት ያጋጫል። ስለዚህ ክፍያው ወይ ሙሉ በሙሉ የሚመዘገብበት ወይ ጨርሶ የማይመዘገብበት ዳታቤዝ ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ ይበቃል፤ ማይኤስኪውኤልም እንዲሁ። ባክአፕ መውሰዱንና ማደሱን ሌላ ሰው እንዲሠራላችሁ መከራየታችሁም ተገቢ ነው።

የኔ ጥያቄ ሒሳቡ ላይ ነው። ማኅበሩ የሚከፍላችሁ በብር ነው፣ የክላውዱ ሒሳብ የሚመጣው በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አንድ መስመር ኮድ ሳትነኩ ወጪያችሁ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንከፍለው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። (የዘመድ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ የገበሬው መዝገብ ምን እንደሚሆን የሚያስብ የለም።) «ሳልጠቀምበት አቆመዋለሁ» የሚሉም አሉ። የአማዞኑ አርዲኤስ ቆሞም የማከማቻ ኪራይ ያስከፍላል፣ በ7 ቀኑ ደግሞ ራሱ ይነሳል።

ከዚያ ኔትወርክ አለ። የአማዞን፣ የማይክሮሶፍትም ሆነ የጉግል ለኛ የሚቀርበው የአፍሪካ ማዕከል ደቡብ አፍሪካ ነው። በሰኔ 2012 ማብቂያ፣ ከሃጫሉ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲጠፋ ኬፕታውን ያለው ዳታቤዝ አለመውደቁ ሚዛኑ ላይ ለቆመው ልጅ ምን ይፈይድለታል? ገበሬው አህያውን ጭኖ መጥቷል፤ «ነገ ተመለስ» አይባልም። አፑ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይመዝግብ፣ መስመር ሲመጣ ይላክ። እያንዳንዱ ርክክብ ስልኩ ላይ የራሱን መለያ ቁጥር ይያዝ፤ አለዚያ ሁለቴ ሲላክ ኩንታሉ ሁለቴ ይቆጠራል።

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ ገደብ አስቀምጧል፤ የገበሬው ስም፣ ስልክና ዕዳ ደግሞ የግል መረጃ ነው። እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ያሉ የአገር ውስጥ አማራጮችን ሳያዩ ማለፍ ጥሩ አይመስለኝም። ግን «አገር ውስጥ ነው» ተብሎም በጭፍን አይገባም። ባክአፑን ማን ይወስዳል? ሲበላሽስ በስንት ሰዓት ይመለሳል? መረጃዬን ይዤ ልውጣ ብል ማን ይከለክለኛል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እኔ ብሆን የማንም ኩባንያ ልዩ ቅመም የሌለበትን ተራውን ፖስትግሬስ እይዛለሁ፤ ሳይመቸኝ ነቅዬ እንድሄድ። በየሳምንቱም ሙሉ ቅጂውን አውርጄ በቁልፍ ቃል ዘግቼ አሰላ አስቀምጣለሁ። ቅጂውን አንድ ቀን መልሳችሁ ጭናችሁ ሞክሩት፤ የአንድ ገበሬ ስም ፈልጉና ቀሪ ሒሳቡን እጁ ላይ ካለው ደረሰኝ ጋር አስተያዩት።