«እጮኛዬ የሠርጋችንን ገንዘብ ለጀልባ ባትሪ ሊያደርገው ነው!»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወዲያ ማዶ፣ ከአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ አደራ ስላለችን አደራዋን ጠብቀን ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ፦

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር 3 ዓመት ሆኖናል። እሱ የቤት ኪራይ አማሮት አንድ ያረጀ 9 ሜትር የሚሆን ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ኑሮውን እዚያው ላይ አድርጓል። እዚህ አገር ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ስላለ ነገሩ አይገርምም። እኔም ስንጋባ አብሬው ልገባ ተስማምቻለሁ። አሁን ግን የጀልባው የናፍጣ ሞተር ሊሞት እያጣጣረ ነው። እሱ ታዲያ ‹ናፍጣ በቃን! በኤሌክትሪክ ሞተር እተካዋለሁ፣ ላዩ ላይ ሶላር እደረድራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ለነዳጅም ለመብራትም ሳንቲም አናወጣም› ብሎ ተነስቷል። በእቁብ ያጠራቀምነው 16 ሺህ ዶላር አለ፤ እሱ ደግሞ ለሠርጋችን ነው። እምቢ እንዳልለው ፍቅራችን ያሳስበኛል። እሺ እንዳልለው ባህር ላይ ያለ ሞተርም ያለ ሠርግም እንዳልቀር ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህታችን፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂ፤ እጮኛሽ አላበደም! ጀልባን በባትሪ ማንቀሳቀስ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1838 ያኮቢ የተባለ ሊቅ ሩሲያ ውስጥ ኔቫ ወንዝ ላይ በባትሪ የሚሄድ ጀልባ አሳይቷል። በ2012 ደግሞ ፕላኔትሶላር የተባለችው መርከብ በፀሐይ ኃይል ብቻ ዓለምን ዞራ ሞናኮ ገብታለች። እንግዲህ ይቻላል። ነገር ግን የዚያች መርከብ ሶላር ስፋቱ 537 ካሬ ሜትር ነበር! የእናንተ ጀልባ ላይ ቢበዛ ሁለት ሦስት ካሬ ሜትር ቢዘረጋ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሊትር ናፍጣ ትንሽ የጀልባ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሥራ ይሠራል። ለእንደዚህ ዓይነት ጀልባ የሚገዛው የተለመደ ባትሪ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሙልጭ ተደርጎ ስለማይጨረስ 8ቱን ተጠቀሙ እንበል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ባትሪ ማለት 3 ሊትር የማይሞላ ናፍጣ ማለት ነው! አሮጌው ሞተር የሚጠጣበት በርሜል ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቂውና አስተያዪው።

«ታዲያ እንዴት ነው ሰዎቹ የሚሄዱበት?» ትዪን ይሆናል። ምስጢሩ ዝግታ ነው። መኪና ቁልቁለት ሲያገኝ ያርፋል፤ ውሃ ግን ቁልቁለት የለውም፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጎትታል። ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር የሚበላው ኃይል በብዙ እጥፍ ያድጋል። የእናንተን የሚያክል ጀልባ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በግምት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜት ተኩል ለመሄድ ግን 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ፍጥነት ባትሪው 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ 16 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ነው። በሁለተኛው ግን 8 ሰዓት ሄዳችሁ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ትገፋላችሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው!

ደግሞም ጀልባው ባለ ሸራ መሆኑን አትርሺ። ዋናው ሞተር ነፋሱ ነው። ከሌክ ዩኒየን ተነስቶ በባላርድ የውሃ በሮች አልፎ ወደ ባህሩ ለመውጣት፣ ከዚያ ሸራ ዘርግቶ ለመዋል፣ ማታ ወደ ማቆሚያው ለመግባት ከሆነ ይኼ ባትሪ ይበቃል። ነፋስ የሞተ ቀን፣ ውሃው ፊት ለፊት እየገፋ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ከሆነስ? እናንተ አካባቢ ዲሴፕሽን ፓስ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይፈሳል። እንኳን የባትሪው፣ የናፍጣውም ጀልባ ውሃው የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚያልፈው። ልዩነቱ የባትሪው ሰው ሰዓቱን ከሳተ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ረጅም መንገድ ካሰባችሁ ለክፉ ቀን ትንሽ ጄኔሬተር መያዝ ግድ ነው።

አሁን ወደ ሶላሩ እንምጣ። 400 ዋት ሶላር ብታስቀምጡ በሲያትል የሐምሌ ፀሐይ በቀን ወደ 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። ጥሩ ነው! በፈረንጆቹ ዲሴምበር ግን ሰማዩ ደመና፣ ቀኑም አጭር ስለሆነ 0.3 ቢገኝ ነው። ፍሪጁ ብቻውን በቀን 0.5 ገደማ ይበላል። ማለትም ክረምቱን ሶላሩ ፍሪጁን እንኳ አይችልም፣ ሞተሩማ ቀርቶ! የሸራው ምሰሶ ጥላ ሲያርፍበት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ማሞቂያስ? 1,500 ዋት ማሞቂያ 8 ሰዓት ካደረ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት በላ፤ ሙሉውን ባትሪ በአንድ ሌሊት ጨርሶ ዕዳ ያስገባችኋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ከማቆሚያው የመብራት መስመር ማስገባት የግድ ነው፣ ሂሳቡም ይከፈላል። «ሳንቲም አናወጣም» የሚለው ነገር የፍቅረኛ ወሬ ነው ማለት ነው። በሸራ ስትሄዱ ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ ባትሪውን መሙላቱ እውነት ነው፤ ግን ነፋሱ ጥሩ ሲሆን አንድ ሁለት መቶ ዋት ነው። ጉርሻ እንጂ ደሞዝ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ነፍስ ይቀድማል። አሮጌዎቹ የእርሳስ ባትሪዎች ከባድ ናቸው፣ ከግማሽ በታችም ባይወርዱ ነው የሚሻለው። ዛሬ የሚመረጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱም ቢሆን ተቆጣጣሪው አብሮት ይገባል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግም። 48 ቮልት ሰውን እንደ ቤት መብራት ባይመታም፣ አንድ መፍቻ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ብረቱን ያቀልጣል። በዋናው ገመድ ላይ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሌለው ሥራ አትቀበሉ። ባትሪ ሲነካ ቀለበት ይወልቃል፣ የቃል ኪዳኑም ቢሆን! ቤት ሲቃጠል ወደ መንገድ ይሮጣል፤ ባህር መሀል ጀልባ ሲቃጠል ግን ወዴት ይሮጣል? አሜሪካ ውስጥ ኤቢዋይሲ የሚባል የጀልባ ደረጃ አውጪ አለ፤ ሥራው በዚያ ደረጃ መሠራቱን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ይየው። ኢንሹራንሱም አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ።

እንግዲህ ምክራችን ይህን ይመስላል። ለእሱ ፍርድ ስንሰጠው፣ አሮጌው ሞተር ከሞተ አዲስ ናፍጣ ሞተር መግዛትና ማስገጠምም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም በወረቀት ያስላና ያሳይሽ። የኤሌክትሪኩ ጸጥታ፣ የዘይትና የናፍጣ ሽታ አለመኖር ደግሞ እዚያው ለሚተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለታችሁም ታርፉበታላችሁ።

ቢሆንም 16 ሺህ ዶላሩን ባንዴ አታፍስሱት። በቅድሚያ ሶላሩና ለቤት የሚሆን ትንሽ ባትሪ ይግባ፤ ብዙ ብር አይበላም። አንድ ክረምት ኑሩበትና በቀን ስንት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚወጣ ደብተር ላይ ጻፉ። ደብተሩ ከሁላችንም የተሻለ ይመክራችኋል። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እስከዚያ ድረስ አሮጌው ሞተር ካልተጠገነ ጀልባው ከማቆሚያው ንቅንቅ አይበል።

ሌላው፣ እህቴ፣ ጀልባው የማን ነው? በእሱ ስም ከሆነና የእቁቡ ግማሽ ያንቺ ከሆነ፣ የምታወጪው በጽሑፍ ይስፈር። ይኼ ፍቅርን መጠራጠር አይደለም፤ ከተጣሉ በኋላ ከመካሰስ ሳይጣሉ መጻፍ ይሻላል። ሠርጉም በባትሪ ምክንያት አይቅር፤ ድግሱን ማሳነስ ግን ይቻላል። መቶ ሰው ከምታበሉ ሠላሳ ሰው አብሉና የቀረውን ለኑሯችሁ አድርጉት።

በመጨረሻም፣ ሁሉን ነገር «እሱ ያውቀዋል» ብለሽ አትተዪው። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው እንዴት እንደሚነበብ፣ ሸራው እንዴት እንደሚወጣ አንቺም ተማሪ። እሱ ቢታመም ወደ ወደቡ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ላስተምርሽ ሲል ደስ የሚለው ከሆነ አግቢው፤ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይሆን ሰውየው ይፈተሽ!

አዲስ አበባ ሆናችሁ «እኛ ጀልባ የት አለንና?» የምትሉም፣ ለቤታችሁ ሶላር ልታስገቡ ስታስቡ ሂሳቡ ያው ነው። ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? ክረምት ሲገባስ? ሻጭ የሚነግራችሁ የበጋውን ብቻ ነው።

ቸር እንሰንብት!