45 ቀን የሞላቸው ጫጩቶች

በወልድያም ሆነ በመርሳ ጫጩት የገዛ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል፦ «45 ቀን ሞልቷቸዋል፤ ከእንግዲህ ስጋት የለም።» ካርቶኑን ተሸክሞ ቤቱ ይገባና ጓሮ ይለቃቸዋል። በነጋታው ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተው ሲያገኛቸው ደግሞ ሌላ ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «የፈረንጅ ዶሮ አገራችንን አይለምድም።» እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ሻጩን፣ ሁለተኛው ገዢውን ነፃ ያወጣል።

ቁጥሩ እንዲያው ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። ጫጩት በአምስትና በስድስት ሳምንቷ ላባ ትለብሳለች። ይህ ግን ሙቀቱ ቀስ በቀስ ለተቀነሰላት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየወረደ 21 አካባቢ እስኪደርስ። እስከ 45ኛው ቀን ማሞቂያ አምፖል ሥር የከረመች ጫጩት ቀኗ ሞላ እንጂ ብርድ አልለመደችም። ጨለማም አታውቅም። ቆጥ ውስጥ በገባችበት የመጀመሪያ ሌሊት ያላት ሙቀት የእህቶቿ ገላ ብቻ ነው። ትጠጋለች፤ ሌላዋ ትወጣባታለች፤ በዚያችም ላይ ሌላ። ከሥር የቀረችው ታፍና ታድራለች። ጠዋት በሩን የከፈተው ሰው «ብርድ ገደላቸው» ይላል እንጂ ክምሩን ልብ አይለውም።

ደግሞስ የየት አገር 45 ቀን ነው? መርሳ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ወልድያ ወደ 2000 ትጠጋለች፤ ከእሷ በላይ የጉባላፍቶ ደጋ አለ። መርሳ ያደገች ጫጩት በኅዳር ውርጭ ደጋ ስትወጣ የቀን ቆጠራው ምን ያደርግላታል?

መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ የገጠር እናቶች ማስለመድን አሳምረው ያውቁታል። እናት ዶሮ ገና በሦስተኛ በአራተኛ ቀናቸው ጫጩቶቿን ደጅ ታወጣለች። ለባለሙያ ዓይን እብደት ይመስላል። ግን ነፋስ ሲነሳ ክንፏን ትከፍታለች፤ ላባቸው እስኪሞላ ሌሊቱን ከሥሯ ያድራሉ። ባለቤቲቱም ጭልፊት ስታይ እንቅብ ትደፋባቸዋለች፤ ሲመሽ ቤት ታስገባለች። እዚያ መውጣት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሆን ነገር ነው። እኛ ክንፉን በአምፖል ተካን፤ ማስለመዱን የሚሠራ ግን አላስቀመጥንም።

ከአሮጌ ዶሮዎች ጋር በዚያው ዕለት መቀላቀሉማ ለብቻው ጉድ ነው። ለአሮጊቷ ዶሮ ምንም የማያደርጋት ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ በኩሷ በኩል ለእንግዳዋ ጫጩት ደም ያዘለ ተቅማጥ ይሆናል። የፈንግል ክትባትም ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ነገር ግን በሽያጩ ቀን የተከተበች ጫጩት በሽያጩ ቀን አትጠበቅም። ሰውነቷ መከላከያውን እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። እስከዚያ በሽቦ መለየት ምን ይከብዳል?

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ» የሚል ዜና ሰልችቶናል። ከወር በኋላ ስንቶቹ በሕይወት እንዳሉ ግን አይነገረንም። ስርጭት እንጂ ሕይወት እስካልተቆጠረ ድረስ ደግሞ ለጥቂት ሌሊት ማለማመጃ የሚጨነቅ አይገኝም። ዕውቀቱ ሩቅ ሆኖብንም አይደለም፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሐብሩ ውስጥ፣ ወልድያና መርሳ መሃል ነው።

መኖ ተወዷል፤ አሳዳጊው ቤቱን ለሚቀጥለው ዙር ይፈልገዋል፤ ይገባኛል። አምፖሉን ከሽያጩ በፊት ለሦስት ሌሊት ማጥፋት ግን ወጪ የለውም፤ እንዲያውም መብራት ይቆጥባል።

ስለዚህ ጫጩት ገዢ ወገኖቼ፣ ካርቶኑን ከመረከባችሁ በፊት ስንት ቀናቸው እንደሆነ መጠየቁን ተዉትና አምፖሉ ከጠፋባቸው ስንት ሌሊት እንደሆናቸው ጠይቁ። ሦስት ካልሞላ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።