ማሩ የማን ነው?

ጠጅ በቴሌግራም መሸጡን እንደ ትልቅ ነውር ቆጥረው፣ በነገሥታቱ ዘመን በግብር አዳራሽ እንደየማዕረጉ ይቀዳ የነበረው መጠጥ ዛሬ ከሽቶና ከጫማ ማስታወቂያ መካከል ገብቶ ማየታቸው ያሳዘናቸው ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት «ስለዚህ ውርደት ጻፍ» ብለው አጥብቀው ስለ ያዙኝ ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ፣ ለካ ነገሩ እኔን ከማሳዘን ይልቅ ደስ አሰኝቶኝ ኖሯል። ወዳጆቼ ያ አዳራሽ ለማን ክፍት እንደ ነበረና በማን ላይ ይዘጋ እንደ ነበረ ዘንግተዋልና፣ ስለ ኀዘናቸው ከዚህ የበለጠ አልናገርም።

በመንደር ጠላ የምትሸጥ ሴት በዘንግ ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ከደጇ ካቆመች፣ መንገደኛው ሁሉ ሳይጠይቅ ይገባላታል፤ ለዘመናት ያላት ማስታወቂያ ይኸው ነበር። በጓዳዋ ጥቂት ጠጅ ጥላ ለሠርግና ለክርስትና የምትሸጠው እመቤት ግን ይህም እንኳ አልነበራትም፤ የሚያውቋት ጎረቤቶቿና የማኅበሯ ሰዎች ነበሩና ዝናዋ ከአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ርቆ አይሄድም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በከለከለ ጊዜ፣ የቢራ ፋብሪካዎች ሲያጉረመርሙ እርሷ ያጣችው ነገር ከቶ አልነበረም፤ ለሬዲዮ የሚከፈለውን ገንዘብ ከየት አምጥታ! አሁን ግን የያዘቻት ስልክ ስሟን ከጉለሌ አንሥታ እስከ ቃሊቲ ታደርስላታለች።

በሰፈራችን አንዲት ወጣት የእናቷን ጠጅ የምትሸጠው በዚህ መንገድ ነው። እናቲቱ ጋኑን በግራዋ ስታጥብ፣ በወይራ ጭስ ስታጥን፣ ማሩን በውሃ ስትበጠብጥ፣ ብርዙም ከሰነበተ በኋላ ጌሾውን ስትጨምርበት፣ ልጅቱ እየቀረጸች በቴሌግራም ታወጣዋለች፤ የፈለገው በዚያው ይጽፍላታል፣ ዋጋውን በቴሌብር ይልካል፣ ሞተረኛ ከደጁ ያደርስለታል። በጠጅ ቤት የባለቤቱ ስም ይጠራ ነበር እንጂ፣ ጣዕሙ ሁሉ በእጇ ያለው፣ ከጓዳ ግን የማትወጣው ጠጅ ጣይ ማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ ጠጪ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም፤ ዛሬ ግን እግሯ ረግጦት ከማያውቅ ሰፈር «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» የሚል ምስጋና ይደርሳታል።

ይሁን እንጂ ደስታዬ ፍጹም አይደለም። በስልኩ ላይ በብርሌ ሆኖ እንደ ወርቅ ሲያበራ ያየሁት ጠጅ፣ ከደጄ ሲደርስ ቀድሞ ውሃ በነበረበት ሃይላንድ ተሞልቶ መምጣቱን እንዴት ዝም ልበል? ጠጅ ሕያው ነገር ነው፤ ጣፋጩ እስኪያልቅ ድረስ መፍላቱን አያቆምም፤ ክዳኑ ጠብቆ ከሞተር ኋላ በፀሐይ ሲንገላታ የዋለ ጠርሙስ ተነፍቶ ይደርስና፣ ሲከፍቱት ግማሹ ለጣሪያው ይሆናል። ያው አዋጅ ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ያዝዛል፤ የጠጅ ቤቷ እመቤት ፊቱን አይታ የምታባርረውን ጎረምሳ፣ ሞተረኛው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ይመልሰዋል ብዬ አላምንም።

ከዚህም የሚብሰው፣ በስልክ የሚሸጠው ጠጅ ሁሉ «ንጹሕ የማር ጠጅ» መባሉ ነው። ማር በተወደደ ቁጥር በየጋኑ ስኳር ማሩን ሲተካ፣ የጠፋውንም ወርቃማ መልክ ቢጫ ቀለም ሲሸፍነው ያልቀመሰ ጠጪ ያለ አይመስለኝም፤ ስልክም የሚያሳየው መልክን ብቻ ስለሆነ፣ ከእውነተኛይቱ ጠጅ ጣይ ይልቅ ቀለም ላበዛው ሰው ይመቻል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ለተመረተ ወይን ምን ምን እንደ ገባበት መግለጽ ግዴታ ሆኗል፤ ዝርዝሩን ከጠርሙሱ ላይ ከማጨናነቅ ይልቅ ስልክ በሚያነበው የኪውአር ምልክት ማስቀመጥ ተፈቅዷል፤ ምልክቱ በሚያወጣው በዚያ ገጽ ላይ ግን አንዳች የማስታወቂያ ቃል ማስገባት ክልክል ነው። ይህችን ክልከላ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ ሊቀ ምርፋቁ ወይኑን ቀምሶ ሲያደንቅ ከወዴት እንደ መጣ አላወቀም ነበር፤ ውሃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። ጥር 12 ቀን በየዓመቱ ይህን በዓል የምናከብር እኛ ሁላችን እንደ ሊቀ ምርፋቁ ነን፤ አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ስንባል ደስ ይለናል፣ አብዛኛውንም ማር በጠጅ መልክ ራሳችን እንጠጣዋለን፤ ነገር ግን በከፋ ጫካ ከረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ፣ በሌሊት ጭስ ይዞ ወጥቶ የሚቆርጠው ሰው ማን ነው ብለን አንጠይቅም። የጠጅ ጣይዋ ፊት በስልክ ከታየ፣ የእርሱስ ስም ስለ ምን ይቀራል?

ይህን አስቤ ለልጅቱ «ልጄ፣ ማሩ የማን ነው?» ብዬ ብጽፍላት፣ «የራሳችን ነው ጋሼ፣ ከመርካቶ ገዝተነው» ብላ መለሰችልኝ። ከገበያው በፊት የማን እንደ ነበረ ነጋዴውን እንድትጠይቅልኝ ለመንኋት፤ ልጅቱም ታዛዥ ናትና ጠየቀችው። ነጋዴው ግን፣ «የገበሬውን ስምና ስልክ ከሰጠሁሽ ከነገ ወዲያ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ፣ ማሩን መዝኖ ሸኛት።