ደላላ የሚመርቀው እገዳ

አንዲት ኢትዮጵያዊት ቤሩት ወይም ሪያድ ላይ መከራ ደረሰባት የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ ፈጥኖ የሚወጣ ቃል አለ፤ «ይታገድ!»። ቃሉ ከክፋት የመጣ አይደለም። የአገሩ ልጅ በፀጉሯ ስትጎተት ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ችግር የሚሆነው ምሬቱ መመሪያ ሆኖ ሲወጣ ነው። ደግሞም ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ተከለከለ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚደረገው ጉዞ ባጠቃላይ ታገደ። መጀመሪያ ለስድስት ወር ነው ተባለ፤ ስድስቱ ወር ተስቦ ተስቦ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነና ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ ተነሣ። የዚያ ዘመን ሒሳብ በቅጡ ሳይወራረድ ያው ጩኸት ዛሬም እንደ አዲስ መድኃኒት ይቀርባል። እኔ ግን እላለሁ፦ ልጆቹ ሄደዋል፤ የቀረው የጉዞው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱን ደግሞ እገዳው ከመንግሥት ጠረጴዛ አንሥቶ ለደላላ አስረክቧል።

ዝግጅት ስል ሻንጣ መሸከፍ ማለቴ አይደለም። ከእገዳው በፊት በኮንትራት የምትሄድ ልጅ መንገዷ ካዛንችስ ላይ ያልፍ ነበር። እዚያ በነበረው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በር ላይ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጡ ወጣት ሴቶች ፓስፖርታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይሰለፉ የነበረበትን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ያስታውሰዋል። የሚጠብቁት አንዲት ወረቀት ነበረች። በአዋጅ ቁጥር 632/2001 መሠረት አስቀጣሪው ኤጀንሲ የሥራ ውሉን ለሚኒስቴሩ አቅርቦ ማጸደቅ ነበረበት። ውሉ ላይ የአሠሪው ስም፣ አድራሻው፣ ደመወዙና የሥራው ዓይነት ይሰፍራሉ። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የጥቂት ሰዓት ገለጻ ትሰማለች። ገለጻው ለስሙ ያህል እንደነበር አልክድም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ በእጇ ነክታ የማታውቅን ልጅ በግማሽ ቀን ወሬ የሰው ቤት ማስረከብ ዝግጅት ከተባለ ነው። ወረቀቷም ጋሻ አልነበረችም፤ ማዳሟ በሩን ቆልፋ ስልኳን ስትነጥቃት ካዛንችስ የተመታ ማኅተም አይደርስላትም። ነገር ግን ወረቀቷ አንድ ሥራ ትሠራ ነበር። ልጅቷ የጠፋች ዕለት እናቷ ይዛት የምትሄድበት ቢሮ፣ የምትከስሰው ኤጀንሲ፣ ኤጀንሲው በዶላር ያስያዘው ዋስትና ነበር። የታገደ ጉዞ ይህን ሁሉ አያውቅም።

ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየው የዓለም ደቻሳ ነገር ነው። የካቲት 2004 ዓ.ም. ቤሩት፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ፣ ከአስቀጣሪ ኤጀንሲ ጋር የተያያዘ ሰው ይህችን የሁለት ልጆች እናት እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲያስገባት የሚያሳየው ምስል በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ «ይታገድ» የሚለው ድምፅም በረታ። በለቅሶው መካከል የተዘነጋው ነገር ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ከታገደ ያኔ አራት ዓመት ሊሞላው እንደነበር ነው። ዓለም የሄደችው እገዳው እያለ ነው። እንግዲህ ለሞቷ መድኃኒት ብለን የጠራነው ነገር ስትሄድ አብሯት ነበር፤ ያደረገላት ነገር ቢኖር የአገሯ መንግሥት ስለ መሄዷ ምንም እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመርበት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ያንኑ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አራገፏቸው፤ ብዙዎቹ ደመወዝም ፓስፖርትም አልነበራቸውም። ለዓመታት በተከለከለ መንገድ ለገባ ሰው ደመወዙን በማን ስም ትጠይቅለታለህ?

እዚህ ላይ ቁጥር ልጥራ፤ ቁጥሩን ግን እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የማየው። ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር የመን ደርሰው የተመዘገቡት፣ አብላጫዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ስደተኞች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 65 ሺህ ነበሩ። በ2014 ከ91 ሺህ አለፉ፤ በ2016 ከ117 ሺህ በላይ ሆኑ። ይህን አይቶ «እገዳው ያመጣው ነው» ብሎ መፎከር ይቻላል። ነገር ግን ከእገዳው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ቁጥሩ ከ107 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2013 ያሽቆለቆለበት ምክንያትም ሳዑዲ ሕገ ወጥ ያለቻቸውን ሠራተኞች ማሳደዷ ጭምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እገዳው ስደትን ወለደ አይልም። የሚለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል፦ ሕጋዊው በር በተዘጋባቸው ዓመታት፣ ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጀምሮ የመን በጦርነት ስትነድ እንኳ፣ ሰው መሄዱን አላቆመም። ከከሚሴና ከሐርቡ ተነሥቶ በአፋር በረሓ ወደ ኦቦክ፣ ወይም በሶማሌ ምድር ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያ በጀልባ። ማዶ ደግሞ ቤዛ የሚጠይቁ አጋቾች ይጠብቃሉ፤ ደውለው ጩኸቷን ለቤተሰቧ ያሰማሉ፣ አባት በሬውን ይሸጣል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ካዛንችስ ተሰልፎ ወረቀት ለማጸደቅ ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል፤ ደላላው እገዳውን ቢመርቀው ምን ይገርማል? ገበያውን የጠረገለት መንግሥት ነው። የመንን አልፎ የሳዑዲ ድንበር የደረሰውን ምን እንደጠበቀው ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ተናግሯል፤ የድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ ገድለዋል። ያን ጊዜ እገዳው ከተነሣ ቆይቷል፤ የበረሓው መንገድና የደላላው ሰንሰለት ግን በዋዛ አይነሡም፣ አንዴ ተደራጅተዋልና።

በቦሌ በኩል የሄዱትስ? እገዳው የሥራ ጉዞን ነው እንጂ ጉብኝትን ወይም ዑምራን አልነካም። ስለዚህ ሠራተኛዋ ጎብኚ ሆነች። ደላላው ቪዛዋን ያወጣል፤ ለኢምግሬሽን መኮንኑ ምን እንደምትል ያስጠናታል፤ ከሸኚዎቿ ጋር ስትላቀስ እንዳትታይ ይመክራታል። ውሏን ማንበብ ልትማርበት ይገባ የነበረውን ሳምንት ውሸት ስታጠና ታሳልፈዋለች። ሕጉ ያላሰበው ነገር ይህ ነው፦ ሰው በተከለከለ መንገድ ሲሄድ ገና ከመነሻው ጥፋተኛ ሆኖ ይነሣል፣ የደረሰበትን በደልም ለቆንስላ ለመናገር ይፈራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት ሰጥቷል። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ለማግኘት የደጀ ጠናውን ትውልድ ጭቆና ስናወግዝ የኖርን ሰዎች፣ ተመሳሳዩ ነገር በእናትነት ድምፅ ሲመጣ ማጨብጨባችን ይገርመኛል።  

ለእገዳው የሚቀርበው ጠንካራ ክርክር ሌላ ነው፤ ችላ ልለው አልችልም። እገዳ መደራደሪያ ነው ይባላል። ሠራተኛ የሚፈልግ አገር በሩ ሲዘጋበት ወደ ጠረጴዛ ይመጣል፤ ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ጋር በ2009 ዓ.ም. የሥራ ስምምነት የተፈራረመችው እገዳው እያለ አይደለም ወይ? እውነት ነው። ፊሊፒንስም ይህን አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ አንዲት ፊሊፒናዊት ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ሞታ ስትገኝ ማኒላ ወደ ኩዌት ሠራተኛ መላክ አቆመች፤ በግንቦት ስምምነት ተፈረመ፣ እገዳውም ተነሣ። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። የእነርሱ እገዳ የቆየው ሦስት ወር ግድም ነው፤ የታገደው አንድ አገር ነው፤ የተጠየቀው ነገር ታውቋል፤ ኩዌት ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተሉ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች ቀድሞውኑ ነበሯቸው። የእኛው የመካከለኛውን ምሥራቅ በሙሉ በአንድ ገመድ ያሰረ፣ ማብቂያው የማይታወቅ፣ በየአገሩም በቂ ሰው ሳይመደብ የታወጀ ነበር። ሳዑዲ ኢትዮጵያዊት ብታጣ ኬንያዊት፣ ኡጋንዳዊት፣ ባንግላዴሻዊት ታገኛለች፤ የሐርቡ ልጅ ግን ሌላ ሳዑዲ የላትም። ኔፓልም እ.ኤ.አ. በ2012 ከ30 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዳይሄዱ ከልክላ ነበር፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ነገሩን ሲያጠናው ሴቶቹ በሕንድ በኩል እየዞሩ ሲሄዱ፣ የደላላም ጥገኛ ሲሆኑ አገኛቸው። አጭር፣ የተለየና ቀን የተቆረጠለት እገዳ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ። እኛ የያዝነው ግን እንዲህ ያለው አልነበረም።

ሌሎች ደግሞ በኮንትራት የሄዱትም እኮ ተደብድበዋል፣ ሞተዋል፣ ታዲያ ወረቀት ምን ፈየደ ይላሉ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በጀመረው የሳዑዲ አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከነዚህ ውስጥ በሕጋዊ ውል ገብተው ከአሠሪያቸው ቤት ሲወጡ ሕገ ወጥ የሆኑ ነበሩ። ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ይህን ያደርጋል፤ መኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ ከበዳይ ቤት መሸሽ ራሱ ወንጀል ይሆናል። ይህንን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማፍረስ አይቻልም። ግን ክርክሩ የሚያረጋግጠው ወረቀቱ ደካማ መሆኑን ነው፤ ከደካማ ወረቀት ወደ ባዶ እጅ መሄድ ይሻላል ማለት የሚቻለው ማን ነው? መንግሥት ሪያድ ላይ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ካዛንችስ ባለበት ኪርቆስ ክፍለ ከተማ ላይ ግን ጉልበቱ ሙሉ ነው። ኤጀንሲው እዚህ ነው፣ ባለቤቱ እዚህ ነው፣ ፈቃዱ እዚህ ይታደሳል። ልጅቷን መጠበቅ የሚቻልበት ሰፊው ጊዜ ገና አውሮፕላን ሳትሳፈር ያለው ነው፤ እገዳ የሚያቃጥለውም ይህንኑ ጊዜ ነው።

የካቲት 2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ከእገዳው ትምህርት የተወሰደበት ይመስላል፤ ግማሹ ነው። ኤጀንሲ 100 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ማድረጉ፣ ከተቀባይ አገር ጋር ስምምነት ይኑር ማለቱ፣ ሠራተኛዋ በሙያ ተመዝና ትሂድ ማለቱ በጎ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀች አትሂድ ያለው ግን ያው እገዳ ነበር፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ። መሄድ የሚያስገድዳት ድህነት ከትምህርት ቤት ቀድሞ ያስወጣት ልጅ ናት፤ የማለፊያ ካርድ አምጪ ስትባል ካርዱን ያመጣላት የነበረው ደላላው ነው፣ ዕድሜዋንም በዚያው ያስተካክልላት ነበር። ሐሰተኛ ስምና ሐሰተኛ ዕድሜ ይዛ የሄደች ልጅ ስትጠፋ በየትኛው ስም ትፈለግ?

ልጆቹ ይሰለፉበት የነበረው ሰፈርም ተለውጧል። የካዛንችስ ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባለው መሥሪያ ቤትም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ስሙ የለም፣ ጉዳዩ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዷል። ምዝገባው በኮምፒውተር ሆኗል፣ ሰልፉም እንደ ድሮው አይደለም። ቀጣዩ ክፉ ወሬ መምጣቱ ግን አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ይታገድ» የሚል ሁሉ ጥቂት ነገሮችን አብሮ ይጻፍልን፦ የትኛው አገር፣ እስከ የትኛው ቀን፣ ምን እስኪሰጠን፣ እስከዚያስ እዚያ ያሉትን ማን ይጎበኛቸዋል? ከጥቅምት 2006 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. የሄዱትን ልጆች የሚፈልጉ ወላጆች ዛሬም አሉ። የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢመጡ ማን እንደቀጠራት የሚናገር ፋይል አይወጣላቸውም፤ በዚያ ዘመን በሕግ ፊት ወደ ሥራ የሄደ ሰው አልነበረምና።