የቆሼን ካርቦን ማን ቀነሰው?

"ካርቦን ቅነሳ" ሲባል ዓይናችን ወደ ጭስ ማውጫ ይሄዳል። እስቲ ለዛሬ ዝቅ እናድርገው፤ ቆሼ ላይ ማዳበሪያ አንግታ ሃይላንድ ወደምትለቅም ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው ልጣጭና የምግብ ትራፊ፣ ርጥብ ነገር ነው። ተከምሮ አየር ሲያጣ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ቆሼ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የከመርነው ይኸንን ነው። በ2008 ዓ.ም ወደ ሰንዳፋ ልንልከው ሞከርን፤ ገበሬው "እምቢ" አለ፤ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ፈጀ። ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሦስቱም ቀን አለፈ።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም እዚያው አጠገብ የረጲ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ያቃጥላል ተባለ፤ አጨበጨብን። ግን ርጥብ ልጣጭ እሳት ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ውኃውን በማትነን ነው። ምድጃው የሚወደው ደረቁን ነው፤ ወረቀትና ፕላስቲክ። ፕላስቲክ ደግሞ ምንድን ነው? መልኩን የቀየረ ነዳጅ!

እንግዲህ ፍረዱ። ምድጃውና ያቺ ሴት የሚሻሙት አንድ ዕቃ ነው። እሱ ሃይላንዱን ወደ ጭስ ይቀይረዋል፤ እሷ የሸጠችው ግን ተፈጭቶ መልሶ ዕቃ ይሆናል። ካርቦን የቀነሰው ማን ነው? ሪባን የተቆረጠለትስ ለማን?

"ታዲያ ቴክኖሎጂ ይቅርብን ነው የምትለው?" የሚል አይጠፋም። አላልኩም። ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ ቆሼ ላይ የገባው የፉኩኦካ ዘዴ ቴክኖሎጂ ነው፤ ቱቦ ቀብሮ ክምሩን ያስተነፍሳል፣ ሚቴኑን ይቀንሳል። የምለው ሌላ ነው፤ መሐንዲስ ቶን ብቻ ቆጥሮ ሰው ከረሳ ሂሳቡ ተሳስቷል። ልጣጩ ከየቤቱ ተለይቶ ኮምፖስት ይሁን። ለቃሚዎቹም እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው፣ ለሚያስቀሩት ካርቦን ጭምር ይከፈላቸው። ለምድጃ በጀት የተገኘለት አገር ለእነሱ "የለም" ሊል አይችልም።

እኛስ? ዛሬ ማታ ሃይላንዱንና የሽንኩርቱን ልጣጭ አንድ ላይ ስንጥል፣ ነገ ያንን በእጇ የምትለየው እሷ መሆኗን እናስታውስ።