«አመጣጥን!» ይሉታል፤ ምኑን?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ተነገረን። በ2015 ደግሞ 3.2። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ «ትውልዱ ስንፍና» ሆነ። ኩረጃን መከልከል ተገቢ ነው። ትውልድን መውቀስ ግን ባለሥልጣንን የማያስጠይቅ ርካሽ ፖለቲካ ነው።

እስቲ ወገኖቼ፣ አንዲት ትንሽ ነገር እንመልከት፤ ኬሚካዊ እኩልዮሽን። ተማሪው በግራ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን፣ በቀኝ ውሃ ይጻፍለትና «አመጣጥን» ይባላል። እሱም ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ ከፊት 2 እየለጠፈ ይሞክራል። ገጠመ? ቀጥል! በውሃ ቀመር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ግን በግርጌ 2 ማድረግ ለምን ተከለከለ? ማንም አይነግረውም። (ቢያደርገው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆንበታል፤ ያንን ደግሞ አንጠጣውም።)

እኩልዮሽ እንቆቅልሽ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት በእሳት ሲበተን 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በሙገርና በደርባ የሲሚንቶ ምድጃዎች ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የገባው ሁሉ የት እንደ ደረሰ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ «ጠፋ» የሚባል ነገር የለም። ይህን አጥብቆ የተማረ ዜጋ ነገ የበጀት ሪፖርት ሲነበብለት «44ቱስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምናልባት ያስፈራውም ይህ ይሆን?

ላቯዚየ በ18ኛው መቶ ዘመን ይህን ያሳየው በሚዛን ነው። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ሚዛኑ ነበረ፤ ቤተ ሙከራው ግን «ዕቃ እንዳይሰበር» ተብሎ እንደ ተቆለፈ ከረመ። በ1990ዎቹ ማብቂያ የመጣው የፕላዝማ ትምህርት በሽታውን አባሰው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር አይጠየቅም፣ አይጠብቅምም፤ ተማሪው ቀና ሲል ሰሌዳው ተለውጧል። በአማርኛ «አፀግብሮት» ሲል የቆየ ልጅ ደግሞ በአንድ ክረምት ልዩነት «ሪአክሽን» በል ተባለ፤ ሐሳቡም በእንግሊዝኛው ሥር ተቀበረ። በዚህ መሠረት ላይ ነው እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያጥኑ ተብሎ የታወጀው!

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክና ፊኛ ከጉሊትና ከሱቅ ይገኛሉ። ሶዳውን በፊኛው አድርጎ አፉን በፕላስቲኩ ላይ ማጥለቅ፣ ከዚያ ሶዳውን ወደ ሎሚው ማራገፍ ነው፤ ፊኛው ሲነፋ ልጁ በእኩልዮሹ ቀኝ የተጻፈውን ጋዝ በዓይኑ ያየዋል። የሚጎድለው ለመምህሩ የሚሰጥ ጊዜና ነጻነት ነው። ፈተናው ምርጫ ብቻ እስከሆነ ድረስ ደግሞ መምህሩ ለምን ይደክማል? ትምህርት ሚኒስቴር በኬሚስትሪ ፈተና ላይ «ለምን?» ተብሎ በጽሑፍ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ያስገባ። ማረሙ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተፈታኝን ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጓጉዞ መፈተንም ቀላል አልነበረም፤ ተፈልጎ ግን ተደረገ።